ሌላኛው እግር

ቱሉ ዲምቱ ጥግ፣ አስፋልቱ ሲያበቃ፣
ካላለቀው ፎቅ ጀርባ፣ ከአሸዋው ክምር አለፍ ብሎ
የጋሽ ሽታዬ ቪዲዮ ቤት ነበረች።
መግቢያው ሁለት ብር።
ሁለት ብር ያኔ የአንድ ጥንድ ጫማ ዋጋ ነው፤
የመግዣው አይደለም፣ የማስጠረጊያው።

እኛ አንገባም። በጓሮ በኩል፣
ዝገት የበላው ቆርቆሮ
ከመሬት አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ ተቀዷል፤
በደረታችን ተኝተን፣ በተራ፣ በአንድ ዓይን።
ቴሌቪዥኑ የቢራ ሣጥን ላይ ነው የተቀመጠው፤
በአግዳሚዎቹ ስር ግማሹ ይታየኛል፣ የታችኛው።
ፊት አይቼ አላውቅም።
ፊልም ማለት ለእኔ እግር ነበር።

ቢሆንም አይከፋም፤ ሊስትሮ ሰው የሚያውቀው ከታች ነው።
ማን ከለቅሶ እንደመጣ፣
ማን በሌሊት የሰው አጥር እንደዘለለ፣
ጫማ ያወራል፣ ብሩሽ ይሰማል።

ያን ክረምት የመጣው ፊልም የልጆች ነበር፤
አገሩን አላውቀውም።
ዘርትሁን ጆሮዋን ቆርቆሮው ላይ ለጥፋ ትተረጉምልናለች፤
ቋንቋውን አታውቅም፣ ከራሷ ነው የምታወራው።
እናታቸው የተገደለችባቸው ልጆች
ቱቦ ውስጥ ያድራሉ፤
ሌሊት ሌሊት ግድግዳው ይተነፍሳል፤
አንድ ሰውዬ ይፈልጋቸዋል፣ እሱ ሲራመድ ሙዚቃው ይቆማል።
«አሁን ምን አለ?» እንላታለን።
«አትተኙ አለ።»
«ማን?»
«ግድግዳው።»

ኤርጫፎ ከጠፋ ሦስተኛ ሳምንቱ ነበር።
ሣጥኑ ፎቁ ስር ተገኘ፣ ቀለሙ ተደፍቶ።
ፖሊሱ «አገሩ ገብቶ ይሆናል» ብሎ ጻፈ፤
ስሙን ሲጽፍ ሁለት ፊደል ሳተ።
ኤርጫፎ ሣጥኑን ጥሎ
እንኳን ሆሳዕና፣ ሽንት ቤት አይሄድም።

በአራተኛው ማታ፣ ተራዬ ደርሶ ዓይኔን ስሰካ
ከፊልሙ ልጆች ኋላ አንድ ጉልበት አየሁ፤
ጠባሳ አለበት፣ እንደ ማጭድ የታጠፈ።
አውቀዋለሁ፤ ድንጋዩን የወረወርኩት እኔ ነኝ።
ተንበርክኮ ጫማ ይጠርጋል።
በማግስቱ ቀረበ። በማግስቱም።
ሽክ ሽክ የሚለው ብሩሹ ከጄኔሬተሩ በላይ ይሰማ ጀመር፤
ጋሽ ሽታዬ ስፒከሩን በጥፊ መታው።

እንቅልፌን የወሰደው ግን የሚጠረገው ጫማ ነው፤
ሹል አፍንጫ፣ ዘለበቱ በአንድ ጎን የወለቀ፣
ተረከዙ ላይ ቀይ ጭቃ።
ፊልሙ የትም አገር ይሁን፣
የኛን ጭቃ ከየት አመጣው?
ኤርጫፎ ይጠርጋል፣ አይለቅም።
ይጠርጋል፣ ከሶሉ ስር
ትንሽ ትንሽ ሲሚንቶ ይረግፋል።

«ወደ ግራ ተመልከት ይላል» አለች ዘርትሁን።
ማን እንዳለ አልጠየቅኳትም።
ዓይኔ ከስክሪኑ ወጣ፤
ኮንጎ ጫማ፣ የጋራዥ ቦቲ፣ ባዶ እግር፣
ሦስተኛው አግዳሚ ስር
ሹል አፍንጫ። የወለቀ ዘለበት።
በሐምሌ፣ በዚያ ጭቃ፣
ማንም ሳይነካው እያበራ፤
በእያንዳንዱ ሽክ ወዙ እየጨመረ።

ጄኔሬተሩ ጠፋ።
ብሩሹ አልቆመም።
ውስጥ ያሉት «አይጥ ነው» ተባባሉ።
እኛ አምስታችን፣ በደረታችን እንደተኛን፣
ሣጥኖቻችንን በብሩሽ ጀርባ መታን፣
ለደንበኛ «ሌላኛውን እግር» እንደምንለው፦
ኳ ኳ።
ከወለሉ ስር ኳ ኳ ብሎ መለሰ።
በጨለማው ውስጥ ሰውየው፣
እምቢ የሚል እግር አልነበረውም፣
ግራውን አንስቶ ቀኙን ሰጠ።

ጧት ጫማው ብቻ ነበር፣ ጥንዱ፣
ፊትን እንደሚያሳይ መስታወት።
የሰውየውን ነገር የጠየቀ የለም፤
እሱንም «አገሩ ገብቶ ይሆናል» አሉት።

ፎቁ አለቀ። መጋረጃ አለው፣ ዲሽ አለው።
አንደኛ ወለል ያሉት ደጃቸው ላይ ያሳደሩትን ጫማ
ሁሌ ተጠርጎ ያገኙታል፤
የሠፈር ልጆች ናቸው ይላሉ፣ ይመርቃሉ።
ሂሳብ የጠየቃቸው የለም።
እስካሁን።